በሐረጉ ላይ የተሰመረ ጋብቻ

ስልኩ ሲጮኽ እጁ ከማውዙ ላይ ዘለለ። ለምን እንደ ደነገጠ እሱም አላወቀም፤ አንዳንዴ ሰውነት ከልብ ቀድሞ ወሬ ይሰማል።

"አንተ ሐረጎ!"

እትዬ ዳኛ ነበሩ፤ የአሠሪው የጋሼ ታላቅ እህት። ችሎቱን በጡረታ ከተሰናበቱ ዓመታት አልፈዋል፤ ድምፃቸው ግን ገና ከወንበሩ አልወረደም።

"አቤት እትዬ፤ ደኅና ዋሉ?"

"ደኅናውን ተወው። ዕድሜዬን አትጻፍብኝ ብዬ ስለምንህ እሺ ብለህ ጻፍከው። እሱን ይቅር ብያለሁ። አሁን ደግሞ ምን ብትጠግብ ነው ወንድሜን አማትህ ያደረግከው?"

"ምን... ማንን?"

"ላንብብልህ፤ መነጽሬ ዓይኔ ላይ ነው። 'በቤተሰብዎ ውስጥ አዲስ ጋብቻ ተመዝግቧል፤ እንኳን ደስ ያለዎት!' ይላል። ከሥሩ የወንድሜ ልጅ አለች። ከጎኗ አንተ አለህ። ያቺን የድንጋጤ ፎቶህን ለጥፈህ።"

የተቀመጠበት ወንበር ከሥሩ የሸሸ መሰለው። ዓይኑን ወደ ስክሪኑ መለሰ። ቀይዋ መስመር እዚያው ነበረች፤ ቀጭን፣ ጸጥ ያለች፣ ከጋሼ የመጨረሻ ልጅ ተነሥታ ወደ እሱ የምትመጣ። ለራሱ ሕልም የሳላት መስመር ናት። በጋሼ ዘመዶች ሁሉ ፊት ራቁቷን ቆማለች።

ጋሼ የጭነት መኪናዎች ባለቤት ናቸው። ሁለተኛ ደረጃን ጨርሶ ከዚያ ያልዘለለውን፣ ከመጽሐፍና ከጣሪያ ጋር ሲያወራ የሚውለውን ይህን ልጅ ከጋራዡ በላይ ባለች ጠባብ ክፍል ከኮምፒውተር ፊት ያስቀመጡት "ዘመዶቼን ሁሉ አንድ ቦታ ሰብስብልኝ" ብለው ነው። በዘር ሐረግ ፕሮግራሙ ውስጥ ሰው ማለት አንዲት ሳጥን ነው። ከሳጥን ወደ ሳጥን መስመር ይሳባል፤ የወላጅ መስመር ጥቁር፣ የጋብቻ መስመር ቀይ። ሲወራ ቀላል ነው። ሲሠራ ግን አንዱ ሽማግሌ በመዝገብ ስሙ፣ በቤት ስሙና በቅጽል ስሙ ሦስት ሰው ሆኖ ይገኛል። አክስቶች ዕድሜያቸውን ስለሚሸሽጉ ልጅ ከእናቱ ቀድሞ ይወለዳል፤ ፕሮግራሙ ቀይ ቃለ አጋኖ ያወጣል፤ እሱም ስልክ አንሥቶ ከእናትና ከልጅ ማን እንደ ዋሸ በትሕትና ይጠይቃል። አንድ አጎት ደውለው "የእህቴን ባል ከሐረጉ ቁረጥልኝ፤ ቂም አለኝ" ብለውታል። ሐረጎ የሚለውን ስም ያወጡለት እነዚሁ ዘመዶች ናቸው። የራሱ ወገን ግን በአንድ እስትንፋስ ተቆጥሮ ያልቅ ነበር። እናቱ ብቻ ናት፤ እሷም ሞታለች።

የጋሼን ልጅ ወደዚያች ክፍል ያመጣት ያው የቃለ አጋኖው መዓት ነው። ከመንገዱ ማዶ ባለው መድኃኒት ቤት ፋርማሲስት ናት። በአያቷ እጅ ስላደገች ከሽማግሌዎቹ የበለጠ ዘር ትቆጥራለች። በምሳ ሰዓት ነጭ ጋዋኗን እንደ ለበሰች ትመጣለች፤ ከወንበሩ ጀርባ ቆማ ጣቷን ስክሪኑ ላይ ታሳርፍና "ይቺ እህቱ አይደለችም፤ የአጎቱ ልጅ ናት። አብረው ስላደጉ ነው እህቴ የሚላት" ትለዋለች። አሻራዋ መስታወቱ ላይ ይቀራል። እሱ አይጠርገውም። ከአሻራዋ ሥር ለሳምንታት የኖሩ ዘመዶች ነበሩ።

ሲስቁ ዓይናቸው ይጋጫል፤ ሲጋጭ ሁለቱም ወደ ስክሪኑ ይሸሻሉ። ከዚህ ያለፈ ቃል አልተባለም። ምን ተብሎ? እሷ የጌታው ልጅ፣ እሱ ጌታው በሰጡት ወንበር ላይ የተቀመጠ።

ዋናውን ሐረግ እንዳያበላሽ ስለሚፈራ ሥራውን በሙከራ ቅጂ ላይ ያደርግ ነበር፤ ከእሱ በቀር ማንም የማያየው ቅጂ። አንድ ቀን እሷ ሳትመጣ ቀረች። ዳቦውን ሳይነካው ተወው። ያን ዕለት በሙከራው ቅጂ ላይ ለራሱ አንዲት ሳጥን ከፈተ፤ ከዚያ፣ እንደ ሌባ ዙሪያውን አይቶ፣ ቀይ መስመር ሳበ። ፕሮግራሙ ያለ አንዳች ቅሬታ ተቀበለው። እንዲያውም ወዲያው ዘመድ ያድለው ጀመር፦ እኒህ አማትህ ናቸው፤ እኒህ የባለቤትህ አክስት፤ እነዚህ ሁሉ የባለቤትህ የአጎት ልጆች። ሰውነቱን ሞቀው። ዕድሜ ልኩን ደጅ ቆሞ ድንገት "ግባ" የተባለ ያህል። ነገ አጠፋታለሁ አለ። በማግሥቱም ነገ አለ።

ዛሬ ጠዋት ጋሼ በሩን በእግራቸው ገፍተው ገቡ። "እሁድ ልጄን ለልጃቸው የሚጠይቁ እንግዶች አሉብኝ" አሉ። "ሐረጋችንን በትልቁ ስክሪን ላሳያቸው ነው። ዛሬውኑ ተጣርቶ ለዘመድ ሁሉ ይሂድ፤ ስሕተት ያየ ይናገር።" ከዚያ በኋላ ያሉትን አልሰማም። "ልጄን ለልጃቸው" የሚለው ብቻ ጆሮው ውስጥ ይዞር ነበር። እንደ ደነዘዘ የተጣራውን ሐረግ ዋናው ላይ ገለበጠው፤ "ለሁሉም ላክ" የሚለውን ተጫነ። የተጣራው ሐረግ ግን ያው የሙከራው ቅጂ ነበር።

"አለህ ወይስ ሞተሃል?" አሉ እትዬ ዳኛ።

"አለሁ። አሁኑኑ አጠፋዋለሁ እትዬ፤ በናትዎ አይንገሩብኝ።"

መስመሯን ነክቶ "አጥፋ" አለ። ፕሮግራሙ ጠየቀው፦ "የዚህ ጋብቻ መፍረስ ለዘመዶች ሁሉ ይገለጻል። ይቀጥሉ?"

እጁን እሳት እንደ ነካው ሰበሰበ።

"ምን ሆንክ ደግሞ?"

"ካጠፋሁት... ተፋቱ ብሎ ይልካል።"

ሳቃቸው ፈነዳ። "ጉድ ፈላ! በጠዋት ተድራ ለምሳ ልትፈታ? ስንት ዘመን ችሎት ስቀመጥ እንዲህ የቸኮለ ፍቺ አላየሁም!" ሳቁ ግን መሐል ላይ ተቆረጠ። "ቆይ፣ ልጅቱ ታውቃለች?"

"ምኑን?"

"ምኑን ይለኛል! ይህን ጋብቻዋን ነዋ።"

"አታውቅም።"

"እንግዲያው ቀልድ አይደለም። ስማኝ ልጄ። ወንድሜ ያለ መነጽር ስልክ አያነብም፤ መነጽሩን ደግሞ ትናንት እኔ ቤት ረስቶት ሄዷል። ሌላ ሰው እስኪያነብለት ጊዜ አለህ። እሷ ከሰው አፍ ከምትሰማው ካንተ አፍ ትስማው። ተነሥ!"

ስልኩ ተዘጋ። እሱ ግን ጆሮው ላይ እንደ ደገነው ቆየ። ከዚያ ብድግ አለ።

*

ደረጃውን ሁለት ሁለት እያለ ወረደ። ግቢው በናፍጣ ሽታና በብረት ጩኸት ተሞልቷል። ከአንድ መኪና ሥር የሚታዩት ሁለት እግሮች ተንቀሳቀሱ፤ መካኒኩ፣ የጋሼ የእህት ልጅ፣ ጥቀርሻ የጠጣ ፊቱን ብቅ አደረገ።

"ሙሽራው! እኛን ሳትጠራ?"

አልመለሰለትም። ሮጠ። እንግዲህ ወሬው ከጋራዡ ደርሷል። መንገዱን ሲሻገር አንድ ታክሲ ጥሩንባውን እየነፋ በአፍንጫው ሥር አለፈ፤ ሾፌሩ አንገቱን አውጥቶ "መሞት ካማረህ ሌላ ሰው ፈልግ!" አለው። እውነት ለመናገር አምሮት ነበር። ወደ ኋላ ቢመለስ፣ ዕቃውን ሰብስቦ ቢጠፋ፣ ማን ይፈልገዋል? ከእናቱ ስም በላይ መውጣት የማይችል ሰው ጠፍቶ ለመቅረት ይመቻል። ይህን እያሰበ የመድኃኒት ቤቱን በር ገፋ።

ሰልፍ ነበር። እንደ ማንኛውም ሰው ተሰለፈ። ከፊቱ አንድ አዛውንት "ከምግብ በፊት ነው ያልሽኝ በኋላ?" ብለው ይጠይቃሉ፤ እሷ ትመልሳለች፤ እሳቸው ይረሳሉ፤ ደግማ ትመልሳለች፤ ድምፅዋ አንዴም አይሰለችም። ከኋላው ልጅ ያዘለች ሴት አለች። ከባንኮኒው ሥር፣ መሳቢያው ውስጥ፣ አንድ ነገር ይንዘፈዘፋል። ያቆማል። ደግሞ ይንዘፈዘፋል። ስልኳ ነው፤ ሥራ ላይ ስትሆን እዚያ ትከተዋለች። መሳቢያው በተንዘፈዘፈ ቁጥር አንድ ዘመድ እንኳን ደስ ያለሽ እያላት ነው።

"ቀጣይ" አለች ሳታይ። ከዚያ አየችው። ፊቷ ላይ የበራው ነገር ዓይኑን አጥበረበረው፤ ወዲያው ግን በሥጋት ጨለመ። "ምነው? አመድ መስለሃል እኮ። አሞሃል?"

"አላመመኝም።"

"እጅህን አምጣ።"

የእጅ አንጓውን ያዘች። በዚህ ሁሉ ጊዜ ነክታው አታውቅም ነበር። ጣቶቿ ቀዝቃዛ ናቸው፤ እሷ ትቆጥራለች፣ እሱ ዓይኖቿን ያያል፣ ልቡ ከጣቶቿ ሥር እንደ ተያዘ ወፍ ይፈራገጣል። ምነው እዚህ ላይ ዓለም ቢያልቅ አለ።

"ይሄ የሰው ልብ ነው? ምን አስሮጠህ?" መሳቢያው እንደገና ተንዘፈዘፈ። "ደግሞ ይሄ ስልክ ዛሬ ምን ነክቶታል..." ልትከፍተው ጎንበስ አለች።

"አትክፈቺው! እባክሽ። መጀመሪያ እኔን ስሚኝ።"

ነገራት። ሳትመጣ የቀረችውን ቀን፣ የሙከራውን ቅጂ፣ ቀይዋን መስመር፣ የጠዋቱን ድንዛዜ። ለብቻው ሲሆን ለእሷ የሚያሰማምራቸው ቃላት ሁሉ ከድተውት ነበር፤ የወጡት እንደ ጠጠር አንድ አንድ እያሉ የሚወድቁ ናቸው። እየተናገረ ሳለ ጣቶቿ ከአንጓው ላይ አንድ በአንድ ሲነሡ ተሰማው።

"እኔን?" አለች።

"አንቺን።"

"ያለ እኔ?"

ዓይኑን ወደ ባንኮኒው ጣለ።

"ያለ እኔ አገባኸኝ?" ድምፅዋ ከሹክሹክታ አላለፈም፤ እሱ ግን መሸሽ ፈለገ። "አንተ! ለሞተ ሰው እንኳ ልጁ ጋ ደውለህ 'አባትዎን ልጻፋቸው ወይ?' ብለህ የምታስፈቅድ ሰው! አባቴ የምማረውን ጻፈልኝ፤ እሺ። የምሠራበትን ጻፈልኝ፤ እሺ። ለእሁድ ባል ጻፈልኝ። እዚያች ክፍል ስመጣ ግን..." ዓይኗን ወደ ጋራዡ ጣለች። "በዚህ ሰፈር ማንም የማይጽፈኝ አንድ ቦታ ያለ መስሎኝ ነበር።"

"ይቅርታ አድርጊልኝ።"

"ፈርተህ ነው አይደል? 'እምቢ' እንዳልልህ ፈርተህ ዝም ያለ ሥዕል አገባህ። እኔስ ብፈራ? እኔ ማንን ልሣል?"

"እህት ዓለም፣" አለች ልጅ ያዘለችው ሴት ቀስ ብላ፣ "የልጁ ሽሮፕ..."

"ትንሽ ይታገሱኝ፣ እባክዎ።"

ሴትየዋ ታገሠች። እንዲያውም ከዚያች ደቂቃ ወዲህ የቸኮለች አትመስልም ነበር።

እሱ ባንኮኒውን በሁለት እጁ ይዞ ቆመ። አላለቀሰም፤ ግን የተናገረችው ሁሉ እውነት ስለ ነበረ የሚሸሸግበት ጥግ አጣ። እንግዲህ ይህን ነበር የፈራው። ጋሼን አይደለም፤ መባረርን አይደለም። እነዚያ ዓይኖች እሱንም እሷን ከሚጽፏት ሌሎች ተራ ሲያሰልፉት ማየትን ነበር።

*

በሩ ተበረገደ። ጋሼ ነበሩ፤ ያለ መነጽር፣ ስልካቸውን እንደ ድንጋይ ጨብጠው። ሾፌራቸው አንብቦላቸዋል።

"የት አባቱ ነው!" ዓይናቸውን አጨንቁረው ለዩት። "አንተ! የማን ልጅ ነህ? የማን ልጅ ነህና ነው ከልጄ ጎን የተጻፍከው?"

አዛውንቱ መድኃኒታቸውን ደረታቸው ላይ አቅፈው ወደ ጥግ ሸሹ።

"የእናቴ" አለ። ድምፁ ተሰበረ፤ ግን ወጣ። "አባቴን አላውቀውም ጋሼ። የእናቴ ልጅ ነኝ።"

"አሁኑኑ ታጠፋዋለህ!"

"ካጠፋሁት ፍቺ ተብሎ ለሁሉም ይደርሳል።"

"እንዴት ያለ ፍቺ?" ጋሼ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። "ልጄን ፈት ልታደርጋት? እሁድ እኮ እንግዶች አሉ! እንዳትነካው! አይ... ቆይ፤ ሳይጠፋ ከቆየ ደግሞ ባለ ባል ናት... አጥፋው! ቆይ፣ አታጥፋው!" ስንቱን ሾፌር በአንድ ቃል አገር ለአገር የሚያሰማሩ ሰው እዚያው ቆመው ቃል ጠፋባቸው። ፍርሃት ጋሼን እንኳ ልጅ ያስመስላል።

"ስልክህን አምጣ" አለች እሷ። ለእሱ ነው። ፕሮግራሙን ከፍቶ ሰጣት። "የቱ ጋ ነው?"

አሳያት። እሱ ቀድሞ ያየውን ጥያቄ አሁን እሷ አነበበችው፦ ይቀጥሉ?

"ልጄ፣ ኧረ ሰው ምን ይላል?" አሉ ጋሼ። ይህን ጊዜ አልጮኹም።

"ፈት ይበሉኛ አባዬ። ሳላገባ ከተዳርኩ ወዲያ ሳልጣላ ብፋታ ምን ይደንቃል?" እጇ ስልኩ ላይ ተንጠለጠለ። እሷም ፈርታለች፤ ከአንገቷ ሥር የምትመታው ደም ሥር ትታያለች። "ለሚመጡት እንግዶችም ንገርልኝ። አልተጠየቅኩም። ያልተጠየቅኩትን ከእንግዲህ አልሆንም።"

ተጫነች።

ከዚያ መሳቢያው ተንዘፈዘፈ። የጋሼ እጅ ጮኸ። ከመንገዱ ማዶ፣ ከጋራዡ፣ የአንድ ሰው "እንዴ!" የሚል ድምፅ ተሰማ።

"አይ ጊዜ፣" አለች ልጅ ያዘለችው ሴት ለራሷ፣ "ዘንድሮ ትዳር እንዲህ ሆነ።"

ጋሼ በበሽተኞች አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። የተቀመጡ ሳይሆን የወደቁ ይመስላል። ስልካቸው ደግሞ ጮኸ፤ አላነሡትም።

ስልኩን መለሰችለት። ስክሪኑ ላይ ሁለቱ ሳጥኖች ነበሩ፤ የእሷና የእሱ። በመሐላቸው ምንም የለም። አሁን አማት የለውም፣ አክስት የለውም፣ የሚያሞቀው አንድም ሰው የለም። የደነቀው ግን ይህ ባዶነት ሳይሆን እሷ አለመሄዷ ነው። ባንኮኒውን ይዛ ትመለከተዋለች።

"ምን ትጠብቃለህ?" አለችው። "አለቀ እኮ። አሁን ምንም የለም።"

በአፏ ሂድ አለች፤ ዓይኗ ግን አላለም። ያን ጊዜ የመጣበት ፍርሃት የጠዋቱን፣ የስልኩንና የጋሼን ፍርሃት ሁሉ አሳነሰው። ከሥዕል ጋር መኖር ይቻላል። ሥዕል አይመልስም። ይቺ ግን በሕይወት ያለች ናት፤ "አይሆንም" ልትል ትችላለች፤ "አይሆንም" ካለችም ያ ቃል ዕድሜ ልኩን አብሮት ይኖራል።

"አንድ ነገር ልጠይቅሽ?"

"ጠይቅ።"

"አባትሽ እየሰሙ ነው።"

"ይስማ።"

"እኔ... የሰው ዘር ስመዘግብ ነው የኖርኩት። ወደ ራሴ የሚመጣ መስመር የለም። አንቺ በበሩ ስትገቢ ግን አንድ ሰው ወደ እኔ የመጣ ይመስለኝ ነበር። ለሐረጉ ብለሽ እንደምትመጪ አውቃለሁ፤ ግን ይመስለኝ ነበር። እወድሻለሁ። ገንዘብ የለኝም፤ ዘመድ የለኝም፤ ከዛሬ ወዲያ ሥራም ያለኝ አይመስለኝም። ታገቢኛለሽ?"

ከአግዳሚው ወንበር ላይ አንድ ትንፋሽ ወጣ። እሷ አልዞረችም።

የአንዱን የመድኃኒት ካርቶን ክዳን ከፍታ ዘጋች።

"ለሐረጉ ብዬ አይደለም የምመጣው" አለች በመጨረሻ።

"እ?"

"አንዳንዶቹን ዘመዶች የምታውቃቸው አንተ ነህ፤ እኔ አላውቃቸውም። የማላውቀውንም የማውቅ መስዬ የምቆመው..." አልጨረሰችውም። ጉንጮቿ ቀሉ፤ ወዲያው ዓይኗ በዕንባ ተሞላ። "ተናድጄብሃለሁ። በጣም ተናድጄብሃለሁ፤ እንዲህ ቶሎ አይበርድልኝም። አሁን 'እሺ' ብልህ አባቴን ላናድድ ያልኩት ይመስለኛል። 'እምቢ' ብልህ ደግሞ..."

"ደግሞ?"

"እዋሻለሁ።"

"ልጄ..." አሉ ጋሼ።

"ፈርቻለሁ አባዬ። ትንሽ ዝም በለኝ።"

ጋሼ ዝም አሉ። ምናልባት ልጃቸው ፈራሁ ስትል ሰምተው ስለማያውቁ ይሆናል።

እሷ ወደ እሱ ጠጋ አለች፤ በመሐላቸው ባንኮኒው ብቻ ቀረ። "ነገ ና" አለችው። "ነገም ጠይቀኝ።"

"ነገም እንደ ዛሬው ብትመልሽልኝስ?"

"ከነገ ወዲያ አፍ የለህም?"

ፈገግ አለ። ከሰልፉ ወጣ፤ ለልጅ ያዘለችው ሴት ቦታውን ለቀቀላት። ደስ ብሎት ነበር? አላወቀም። በጣም ትንሽና በጣም ሕያው የሆነ ነገር እፍኙ ውስጥ ያስቀመጡለት ያህል ነበር፤ ቢጨብጠው ይጎዳል፣ ቢከፍተው ይበርራል፤ እንዴት እንደሚያዝም ማንም አላስተማረውም።

በሩ ጋ ደርሶ ዞረ። የሽሮፑን ጠርሙስ ከመደርደሪያው ልታወርድ እጇን ዘርግታ ነበር፤ እጇ እየተንቀጠቀጠ ጠርሙሱ ከጎረቤቱ ጋር ይንኳኳል። እያያት መሆኑን አወቀች። እጇን ግን አልደበቀችውም።